ጠርዙንም እንመልከት



ዛሬ ሁሉም በኪሱ በያዘው ስልክ ፎቶግራፍ ያነሳል። እኔ ግን ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ካሜራ ነው፤ በሦስት እግር ላይ ስለሚቆመው፣ አንዱ ቅጠል ፊልሙ 10 በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆነው፣ አንሺውም ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ስለሚያይበት ትልቅ ካሜራ። ይህ መሣሪያ ለዓይናችን ብቻ ሳይሆን ለልባችንም ትምህርት አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ወተት የመሰለ ሸካራ መስታወት፣ በመካከላቸውም እንደ ወናፍ የሚሰበሰብና የሚዘረጋ ጨለማ ሳጥን አለ። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ከላይ የመጣው ታች፣ ከቀኝ የመጣው ግራ ያርፋል፤ ስለዚህ ምስሉ መስታወቱ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ይህን የብርሃን ጉዞ በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሞተው ኢብኑል ሀይሠም ነው። ሰባት ክፍል ባለው «ኪታቡል መናዚር» ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር አውጥቶ ሳይሆን ከነገሮች የሚመጣውን ብርሃን ተቀብሎ መሆኑን አስረድቷል። ዓይን ሊታለል እንደሚችልም ያውቅ ነበርና ያየውን ሁሉ በፈተና ያረጋግጥ ነበር።

ይህን ካሜራ በቅርብ ያየሁት አንድ ያረጀ የሠፈር መስጊድ ፈርሶ እንደገና ሊሠራ ቀን በተቆረጠለት ሰሞን ነው። ሽማግሌዎች ሚሕራቡንና የእንጨት ዓምዶቹን ለልጅ ልጅ በምስል ማቆየት ፈለጉ። ሕይወት ያለው ነገር ስለማይነሳበት ዑለማዎች በሥዕል ጉዳይ የሚከራከሩበት ነጥብ እዚህ አልገባም። ፎቶ አንሺው የቀረው ፊልም ግን ሁለት ቅጠል ብቻ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ስላልነበረው ሰፊውን ቦታ አጠቃሎ የሚያይ የ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጠመ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጨርቁን ገልጠው አዩና «ልጄ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል፤ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። እርሱም «ሐጂ፣ ሰፊ ሌንስ ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው» ሲል መለሰላቸው።

እውነቱን ነበር። በተለመደው የ150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዓይንን ከሩቅ አድማስ 3 ሜትር ላይ ወዳለ ነገር ለመመለስ ሌንሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ በ90ው ግን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገሮች ትንንሽ ሆነው ስለሚታዩ ሁሉም የጠራ ይመስላል፤ ጥቂቷ ስሕተት የምትጋለጠው ፎቶው ሲጎላ ነው። ጠርዞቹም ብርሃን ስለሚያንሳቸው ዓይን ችላ ብሎ ያልፋቸዋል።

ስለዚህ ሰውየው የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነውና። ማጉያ መነጽሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ መጀመሪያ መካከሉን፣ ቀጥሎ አራቱን ማዕዘን አንድ በአንድ መረመረ። ሌንሱ በጥቂቱ ወደ ጎን ዞሮ ስለነበር የግራው ዓምድ ደብዝዟል፤ አቃናው። ሌንሱን ለቅርቡም ለሩቁም በሚስማማ መካከለኛ ቦታ ካቆመ በኋላ ቀዳዳውን ወደ 22 አጠበበ። ፊልሙ ሲገባ መስታወቱ ይጋረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማየትም ማረምም የለም። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ በጥጉ ዓምድ ላይ የነበረው የመጥረቢያ ምልክት ሳይቀር ይታይ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የየቤታችን ነገርስ ከዚህ ይለያልን? ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ያማረ ነው፤ ሰላት ይሰገዳል፣ ጾም ይጾማል፣ ልጆች ቁርኣን ይቀራሉ። አልሐምዱ ሊላህ፤ ይህ መካከሉ ነው። ጠርዙስ? በጓዳ የምትደክመው ሠራተኛ ደሞዟ በጊዜው ይደርሳታልን? ብቻቸውን የቀሩትን አክስት የሚጠይቃቸው አለን? ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ከምላሳችን ሰላም ነውን? እኔም በማስተምርበት ክፍል ፊተኞቹ ረድፎች አብረው ሲቀሩ ትምህርቱ ለሁሉም የገባ ይመስላል፤ ልኩ የሚታወቀው ጥግ የተቀመጠውን ልጅ ጠርቼ ብቻውን ሳስቀራው ነው።

የብናኝ ክብደት ያህል ሥራ እንኳ እንደማይቀር አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አዝ-ዘልዘላህ አስታውቆናል። ያ ቀን ትንሹ ሁሉ ጎልቶ የሚታይበት ቀን ነው። እንግዲያው ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ከቤታችን አንዱን ማዕዘን መርጠን በማጉያ መነጽር እንየው፤ የደበዘዘ ካለም ጊዜ ሳለን እናቅናው። ነገ ሌላውን ማዕዘን።

አላህ መጋረጃው ሳይወርድ ጉድለታችንን ከሚያዩትና ከሚያርሙት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።