ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሳይጋገር የሚሠራ የቸኮሌትና የኦቾሎኒ ቅቤ ከረሜላ ሠራን። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ ኩባያ የደቀቀ ብስኩትና ሁለት ማንኪያ ማር አሽታችሁ ታድቦለቡላላችሁ። 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በፈላ ውሃ እንፋሎት በቀለጠ ቸኮሌት ነክራችሁ መልሳችሁ ማቀዝቀዝ ነው።

ልንቀምስ ስንል የጎረቤት ልጅ መጣ። አንዱን አቀበልኩት። ሐኪም ሆኜ እናቱን አልጠየቅኳትም! ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ይዘነው ሮጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክሞ በሰላም ተመለሰ። እናቱ ግን "ባለፈውም ኦቾሎኒ በልቶ እንዲህ ሆኖ ነበር" ስትለኝ አፈርኩ።

ስለዚህ አደራ፦

✅ ለሰው ልጅ ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ።

✅ ከበላ በኋላ ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከተዘጋ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

✅ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያልተፈጨ የኦቾሎኒ ፍሬ አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል።

✅ ማር ያለበትን ነገር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አትስጡ።

✅ ኦቾሎኒውን ራሳችሁ የምትፈጩ ከሆነ የሻገተውንና የሚመረውን ጣሉት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ጣፋጭ ስለሆነ ለልጆች አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ያ ልጅ አሁንም ቤታችን ይመጣል፤ ሙዝ እሰጠዋለሁ፣ እሱንም እናቱን ጠይቄ።