ስሙን ከጎረቤቱ የወረሰ ጨዋታ

አንድ መምህር ከሚጽፋቸው ቃላት ሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊመዝነው የሚገባው ስለ ተማሪ ጠባይ የሚጽፈውን ቃል እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ቢሰማው ይጠቀምበታል ብዬ ስላመንሁ እነሆ ጻፍሁት።

በ2010 ዓ.ም. በአንዲት መካከለኛ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴም አባል ነበርሁ። ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ከሰዓት በኋላ መቅረት አበዛ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር በስተጀርባ ባለው መንገድ ሳልፍ ልጁን በአንድ ፑል ቤት ደጃፍ ቆሞ አየሁት። በጣቶቹ ላይ የመምቻው እንጨት ጫፍ የሚቀባበት ሰማያዊ ጠመኔ ነበረበት። የእኔም ጣቶች የሰሌዳውን ነጭ ጠመኔ እንደ ያዙ ነበሩ። እርሱ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አንድ ቃል ሳልጠይቀው አለፍሁ። በማግሥቱ ለኮሚቴው ባቀረብሁት ወረቀት ላይ «ፑል ቤት የሚውል ተማሪ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርሁበት።

በደንባችን መሠረት የመቅረቱ ቅጣት ማስጠንቀቂያና ወላጅ ማስጠራት ብቻ ነበር። ያች ዓረፍተ ነገር ግን ደንቡን ሁሉ ተሻገረችው። ከኮሚቴው አባላት መካከል «እዚያ ምን ሲያደርግ ተገኘ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበርና። ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጁ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ተሰናበተ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል መጡ።

«መምህር፤ ልጄ ቢያጠፋ እርስዎም አባቱ ነዎት፤ ቢቀጡት አልቀየምም ነበር» አሉኝ። «ነገር ግን እርሱ በዚያ ቤት የሚጫወት አይደለም። ኳሱን የሚደረድር፣ ጠረጴዛውን የሚጠርግ፣ ሒሳብ የሚቀበል ተቀጣሪ ነው። የቤት ኪራያችን የሚከፈለው ከዚያ በሚያገኘው ነበር። አፍሮ ነው እንጂ ይነግርዎ ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

«ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ረዳት ሆኖ ሄደ።»

«ምነው ቀደም ብለው በመጡ፣ እናቴ?» ብላቸው፣

«ማን ጠራኝ?» አሉኝ።

እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። የአንድ ጨዋታ ስም ያለ ምስክርና ያለ መርማሪ፣ ብቻውን ፍርድ ለመሆን የበቃው እንዴት ነው? እኔ በደብር ጥላ ሥር አድጌ ዲቁና የተቀበልሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን በእንጨትና በኳስ መጫወትን ማንም አልከለከለኝም፤ በልደት በዓል ከቄሰ ገበዙ ልጆች ጋር ገና እየተጫወትሁ ቁርጭምጭሚቴን ብዙ ጊዜ ተመትቻለሁ። የቢሊያርድ ታሪክ ጸሐፊዎችም እንደሚሉት ይህ ጨዋታ የተገኘው በአውሮፓ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኳስ ይደረግ ከነበረ ጨዋታ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ወደ ቤት ሲገባ፣ ጠረጴዛው የሣሩን ምሳሌ ይዞ አረንጓዴ ጨርቅ ለበሰ። እንግዲህ ገና የበዓል ጨዋታ ሆኖ ሲከበር፣ የሩቅ ዘመዱ ፑል የተነወረው ስለ ምንድር ነው?

ነገሩን ስመረምር ነውሩ የተጀመረው ከስሙ እንደ ሆነ አገኘሁ። «ፑል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለዚህ ጨዋታ ከመሰጠቱ በፊት፣ ተወራራጆች በአንድነት የሚያዋጡት ገንዘብ ማለት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ አገር «ፑል ሩም» ይባል የነበረው ሰዎች በፈረስ እሽቅድምድም የሚወራረዱበት ቤት ነው። በአንዱ እሽቅድምድምና በሚቀጥለው መካከል ደንበኞቹ ጊዜ እንዲያሳልፉ፣ የቤቱ ባለቤቶች የቢሊያርድ ጠረጴዛ አስገቡ። ውርርዱ በፈረሱ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛው የጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ሆኖም የቤቱ ስም ፈረሱን ትቶ በጠረጴዛው ላይ ተለጠፈ። ጨዋታው የጎረቤቱን ስም ከነኃጢአቱ ወረሰ ማለት ነው።

በእርግጥ ጨዋታው ራሱ ከገንዘብ ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በዲትሮይት ከተማ ማይክል ፌላንና ጆን ሲራይተር ሲጋጠሙ የተያዘው መደብ 15,000 ዶላር ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ሀብት ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ እናውቃለን። እኔ የምለው ግን ጊደሯ አህያ አይደለችም ነው።

ይህን ለማስረዳት የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል። በ1913 ዓ.ም. በፊላደልፊያ የተወለደው ዊሊ ሞስኮኒ አባቱ የፑል አዳራሽ ነበረው። አባትየው ግን እንጀራውን የሚያገኝበትን ጨዋታ ለልጁ አልፈቀደም። ልጁም ከማድ ቤት ክብ ክብ ድንች እየለቀመ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየመታ በሥውር ተለማመደ። ከ1941 እስከ 1957 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1954 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በትርኢት ላይ ሳለ፣ አንድም ሳይስት በተከታታይ 526 ኳሶችን አስገብቷል። ይህ ሰው ሙሉ ልብስና ከረባት ለብሶ ይጫወት ነበር፤ ዕድሜውንም የፈጀው ጨዋታው ለጨዋ ሰው የሚገባ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ድካም የጨዋታውን መዳከም አላገደውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመለሱት ወታደሮች ቤት ሠርተው፣ ትዳር ይዘው፣ ሥራቸውን ሲከተሉ የፑል አዳራሾች ባዶ ሆኑ፤ በ1950ዎቹም ብዙዎቹ ተዘጉ። በ1961 ዓ.ም. «ዘ ሐስለር» የተባለው ሲኒማ ሲወጣ ሕዝቡ እንደ ገና ወደ ጠረጴዛው ጎረፈ። በኋላ ፍላጎቱ ዳግመኛ ቀዘቀዘ፤ በ1986 ዓ.ም. «ዘ ከለር ኦቭ መኒ» የተባለው ተከታይ ሲኒማ ዳግመኛ አነሣሣው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሲኒማዎች በገንዘብ የሚጫወት ሰው ታሪክ ናቸው። ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ከወደቀበት ያነሣው እጅ፣ ስሙን ያጎደፈው ያው እጅ ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ሩዶልፍ ዋንደሮን የተባለ አንድ ተወራራጅ ከመጀመሪያው ሲኒማ ገጸ ባሕርያት የአንዱን ስም ወስዶ «ሚኔሶታ ፋትስ» ነኝ አለ። በ1978 ዓ.ም. ሞስኮኒና እርሱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተጋጥመው ሞስኮኒ አሸነፈ። ዋንደሮን ግን እየተሸነፈ ተመልካቹን በቀልዱ ያስቅ ነበር፤ በሕዝብ አፍ ይበልጥ ገኖ የቀረውም የእርሱ ስም ነው። ክፉ ስም ከመልካም ሥራ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሮጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ዛሬ በአሜሪካ ለጨዋታው መዳከም ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። የሙያተኞቹ ጠረጴዛ የመጫወቻው ወለል 2.54 ሜትር በ1.27 ሜትር ሲሆን፣ በዙሪያው ለመምቻው እንጨት የሚሆን ስፍራ ይፈልጋል፤ የቦታ ኪራይ በተወደደበት ከተማ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ወጣቶችም በቤታቸው ሌላ መጫወቻ አግኝተዋል። በ2006 ዓ.ም. ትልቅ ሽልማት አስነግሮ በሪኖ ከተማ ውድድር ያደረገ አንድ ድርጅት፣ ለተጫዋቾቹ የገባውን ገንዘብ በጊዜው ለመክፈል አልቻለም። ጨዋታው በኦሎምፒክም ገና አልገባም። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ ሥር አንድ ይመስለኛል። ወላጅ ልጁን በእጁ ይዞ የማያስገባው ቤት ተተኪ ትውልድ አያገኝም።

ወላጅ ይዞ ባስገባ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ተመልከቱ። ጂን ባሉካስ የተባለች የብሩክሊን ልጅ ገና በሕፃንነቷ በቤተሰቧ ፊት ጨዋታውን ተማረች። በ9 ዓመቷ በአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ውድድር ከአዋቂዎች ጋር ተሰለፈች፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮም ያንኑ ውድድር ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። በፊሊፒንስ ደግሞ ኤፍረን ሬየስ በልጅነቱ በማኒላ ከተማ በአጎቱ ፑል ቤት ያገለግል ነበር። ቁመቱ ስለማይደርስ በለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች ላይ ቆሞ ይጫወት፣ ሌሊትም በጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። እርሱም በወጣትነቱ በገንዘብ ተጫውቷል፤ ይህን አልሸሽግም። በ1999 ዓ.ም. ግን በካርዲፍ ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ አገሩም እንደ ጀግና ተቀበለችው። የፑል ቤት አገልጋይ የነበረውን የዚህን ልጅ ታሪክ ሳነብ ሰማያዊው ጠመኔ ትዝ አለኝ፤ መጽሐፉንም አጠፍሁት።

እናቲቱ በመጡ በሳምንቱ ወደዚያ ፑል ቤት ሄጄ ገባሁ። ባለቤቱ ደንግጦ «ጋሼ መምህር፣ ምን አጠፋን?» አለኝ። ምንም እንዳላጠፉ ነግሬው በአግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ያየሁትን ሁሉ ያለ አድልዎ እናገራለሁ። ተሸናፊው የጠረጴዛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ይህ በብዙ ፑል ቤት የተለመደ ነው። ሁለት ጎልማሶች ግን ከዚያ አልፈው ገንዘብ አስይዘው ይጫወቱ ነበር። በማእዘኑ ጫት የሚቅሙ ነበሩ። ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። እንግዲህ የወላጆች ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ቁማር ቁማር ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም የምትነቅፈው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንድ ወጣት ነጩን ኳስ በጠርዙ ላይ አንጥሮ የፈለገውን ሲመታ አየሁ። ኳሱ ሳይሾር ከተመታ በገባበት ማእዘን ልክ ይመለሳል። ይህንኑ ሕግ በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት እኔ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምደክም አውቃለሁ። በጠረጴዛው ላይ ኃጢአት አላየሁም፤ ኃጢአቱ የነበረው በጠረጴዛው ዙሪያ ነው።

አሁን ደግሞ የዘመኑን ነገር እናስተውል። በ2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው ውሳኔ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን በሕግ ለመፍቀድ ቻሉ። ውርርድ ዛሬ አዳራሽም ጠረጴዛም አያስፈልገውም፤ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ፣ በማስታወቂያ ተሽሞንሙኖ፣ በእኛም አገር ወጣቶች ኪስ ውስጥ ደርሷል። ለፑል ክፉ ስሙን ያወረሰው ጎረቤት ስሙን ለውጦ በነጻ ይመላለሳል። ጨዋታው ግን ያን ስም እንደ ተሸከመ በየመንደሩ ጥግ ቀርቷል። ልጃችን ከፑል ቤት ደጃፍ ሲታይ ቤቱ ሁሉ ይናወጣል። በምኝታው ላይ ሆኖ በስልኩ የወር ቀለቡን ሲያስይዝ ግን «ልጄ ጨዋ ነው፤ ከቤት አይወጣም» እንላለን።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሁሉ ወደ ፑል ቤት ላኩ አልላችሁም። የቤቱን ስም ከመፍራት ይልቅ ግን ልጁን እንጠይቅ። ገንዘብ ይያዝበታል ወይ? ከማን ጋር ነው? በስንት ሰዓት ነው? ምን ቸግሮህ ነው የሄድኸው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ለፑል ጠረጴዛም፣ ለእጅ ስልክም፣ ለማንኛውም ደጃፍ ይሆናሉ። እኔ አራተኛዋን ብቻ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት ባልጻፍሁ ነበር።

ስሕተቴን በጽሑፍ አመልክቼ ኮሚቴው ውሳኔውን ሽሮታል። ልጁ ትምህርቱን ሊቀጥል እንደሚችል የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ለእናቱም ነገርኋቸው። ከዚያ ትምህርት ቤት እስከ ተዛወርሁበት ቀን ድረስ ደብዳቤው በማኅደሩ ውስጥ ነበር። የሚወስደው ግን አልመጣም።