የመጋዙ መያዣና የአባቴ እጅ

በዕድሜ የገፋ አባት ወይም እናት ባለበት ቤት አንድ ጭንቀት አይጠፋም። ይኸውም «ከእንግዲህ ይብቃዎ፣ ይረፉ» የሚለው ቃል መቼና እንዴት እንደሚነገር ነው። በእኔ ቤት ይህን ጥያቄ ያመጣችው አንዲት የእንጨት መቁረጫ መኪና ናት።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእንጨት ሥራ መምህር ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ከእኛ ጋር ለመኖር ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ የያዙት ንብረት ቢኖር ጥምዝምዝ ቅርጽ የምትቆርጥ አንዲት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መጋዝ ብቻ ነበር። ለማያውቋት እኅቶች ለማስረዳት ያህል፣ ይህች መጋዝ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥና አሠራርዋ የልብስ ስፌት መኪናን የሚያስታውስ ናት። በመርፌው ፈንታ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ሠራተኛው ስሱን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ እንደ ጨርቅ እያዞረ የፈለገውን ቅርጽ ያወጣል። ምላጩን ከላይና ከታች ነክሰው የሚወጥሩት ሁለት ትንንሽ መያዣዎች ናቸው። የችግሩም ምንጭ እነዚሁ መያዣዎች ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. ልጄ ፊደል መቁጠር ስትጀምር አንዳንዶቹን ፊደሎች ማምታታት አበዛች። ይልቁንም ወ፣ ዐ እና ፀ አስቸገሯት። አባቴም «እጇ ያልዳሰሰውን ዓይኗ ቶሎ አይዘውም» ብለው 33ቱን ፊደላት በመዳፏ እንዲያዙ አድርገው ከኮምፔርሳቶ ሊቆርጡላት ተነሡ። ሀ፣ ለ እያሉ ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ከመ ላይ ቆሙ።

ምክንያቱ ይህ ነው። መ፣ ወ እና ፀ ዓይን ያላቸው ፊደሎች ናቸው። ወ፣ ዐ እና ፀ በተለይ ከውጭ ሲታዩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፤ የሚለዩት በውስጣቸው ባለው ነገር ብቻ ነው። ዐ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወን ቁም መስመር ይከፍለዋል፣ ፀን ደግሞ አግድም መስመር። ዓይናቸው ካልወጣ ሦስቱም አንድ ክብ ቁራጭ ሆነው ይቀራሉ። ዓይን ለማውጣት እንጨቱ በመጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ከዚያም ምላጩ ከመያዣው ተፈትቶ በቀዳዳው ይገባና እንደገና ይታሰራል። የመጋዟ የጥንት መያዣዎች ግን የሚቀበሉት በሁለቱም ጫፉ ትንሽ ሽቦ የተሰካበትን ምላጭ ብቻ ነበር። ያ ሽቦ እንዲያልፍ ቀዳዳው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ መስፋት አለበት። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ፊደል ላይ ይህን የሚያህል ቀዳዳ መካከለኛውን መስመር ይበላዋል።

አባቴ በመርካቶ ምን አለሽ ተራ አካባቢ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ ያውቁ ነበርና ሽቦ የሌለውን ምላጭ በብሎን ነክሰው የሚይዙ አዲስ መያዣዎች አሠሩ። አሁን 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ቀዳዳ በቂ ሆነ። መ ሁለት ዓይኖቹን አገኘ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የብሎኑ ራስ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓይን እሱን መፍታትና ማጥበቅ ያስፈልጋል። የአባቴን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው ዓመታት ሆኗል። ያጠበቁ እየመሰላቸው ምላጩ ይሾልካል፣ ይሰበራል። አንድ ቀን አውራ ጣታቸው ተቆርጦ ደም ሲፈስ ደረስሁ።

«አባባ፣ ከእንግዲህስ ይብቃዎ» አልኋቸው። መጋዟንም በጨርቅ ሸፍኜ ዕቃ ቤት አስገባሁ። እሳቸው አልተቃወሙም። «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ከቁርስ በኋላ ተመልሰው መተኛት ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ልጄ «የፀሐይ ፀ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ስላጣሁ መጋዟን አወጣሁና ብሎኑን እኔው ለማጥበቅ ሞከርሁ። የእኔም ጣት አዳለጠው። ምላጩ በእኔም እጅ ሾለከ! ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። ያለ ጥፋቱ የፈረድሁት በአባቴ እጅ ላይ ነበር።

መያዣውን ይዘን ወደ ቶርኖ ሠራተኛው ተመለስን። ሲያየው የብሎኑ ጫፍ ተበልቶ ድቡልቡል ሆኗል፤ ምላጩን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ጫፉን ለጥ አድርጎ ሞረደው። የብሎኑንም ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጎ፣ ተሰክቶ የሚወጣና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መዘውር መፍቻ ሠራለት። መዘውሩ በረዘመ መጠን የሚፈልገው ጉልበት ያንሳል፤ በር ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፋ የሚከብደው፣ ከጫፉ ሲገፋ የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አባቴ መዘውሩን በእንጨት አለበሱትና ለመዳፋቸው አመቻቹት። አሁን የሚያጠብቁት በጣት ጫፍ ሳይሆን በመላ እጃቸው ነው።

መሣሪያው ያላቸው ካሉ አባቴ የሚሉትን ልጨምር። አዲስ ምላጭ እንዳይዝግ ዘይት ስለሚቀባ ጫፎቹ ከመታሰራቸው በፊት በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጉ፤ አለዚያ ይሾልካሉ። የላይኛውና የታችኛው መያዣ በአንድ መስመር ይዋሉ፤ ከተዛነፉ ምላጩ ይጣመምና ይሰበራል። ጥርሱ ወደ ታች ይመልከት። በደንብ የተወጠረ ምላጭ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምላጭ ሲለወጥ ሶኬቱ ይነቀል፣ መፍቻውም ከመነሣቱ በፊት መኪናው አይነሣ። አፍና አፍንጫም ይሸፈን፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል።

የፀሐዩ ፀ በማግስቱ ደረሰ። ልጄ ጣቷን በላይኛው ዓይን፣ ቀጥላም በታችኛው አስገብታ «ይሄ ዐ አይደለም!» አለች። አባቴም ሣቁ።

አባቴ ዛሬም ማታ ማታ አይሠሩም፤ እጃቸው በተንቀጠቀጠ ቀንም መጋዟን አያስነሱም። ይህን የወሰኑት ግን ራሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እኅቶቼ፣ ለወላጆቻችን ከማሰብ የተነሣ «ይረፉ» ማለት ይቀናናል። አንዳንድ ጊዜም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያቃታቸውን ነገር በገዛ እጃችን እንሞክረው። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ክዳን፣ የቧንቧው መዝጊያ፣ የበሩ ቁልፍ ለእኛም ይከብድ ይሆናል። በትንሽ ወጪ የሚለወጥ መያዣ እያለ የሰውን ሥራ ከእጁ መንጠቅ በደል መሆኑን እኔ የተማርሁት ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ ነው።