በቅሎዋን ማን ወሰዳት?

ሰው ከባልንጀራው አፍ የሰማውን ይጠራጠራል፤ በመጽሐፍ ያነበበውንም ይመረምራል፤ በገዛ ዐይኑ አይቶ በልቡ ያኖረውን ግን አይጠራጠርም። እኔም ዐርባ ዓመት ሙሉ ያልተጠራጠርሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ይኸውም በታላቅ ወንድሜ ላይ የያዝሁት ቂም ነው።

አባታችን ያረፉት በ1975 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ በጾመ ፍልሰታ ነው። ያን ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወንድሜ በአዲስ አበባ በአናጢነት ይተዳደር ነበር፤ መንደራችንም ከደብረ ብርሃን የአንድ ቀን የእግር መንገድ ስለ ሆነች መርዶው ዘግይቶ ደረሰውና የመጣው ቀብሩ ካለፈ በኋላ በሠልስቱ ነበር። ከዚያ ቀን በልቤ የቀረው ሥዕል እንዲህ ያለ ነው፤ ወንድሜ ነጭ ጋቢ ለብሶ፥ ዐይኑ አንድ እንባ ሳያወጣ፥ ወደ ለቀስተኛው ሳይሆን ወደ ጋጣው ይመለከታል፤ ከዚያም «በቅሎዋንስ ማን ወሰዳት?» ብሎ ይጠይቃል። የአባቱ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ስለ ውርስ የሚጠይቅ ልጅ!

ሰላምታ አልነፈግሁትም። በበዓል እንጠያየቃለን፤ ገንዘብ በቸገረኝ ጊዜም ሰጥቶኛል፥ እኔም ተቀብዬዋለሁ። እናታችንን በስተርጅና የጦረ እርሱ ነው። ልቤ ግን ከእርሱ ጋር አልነበረም። ይባስ ብዬም ያን ታሪክ አስቀድሜ ለባለቤቴ፥ በኋላም ስለ ገንዘብ ፍቅር በመከርኋቸው ቍጥር ለልጆቼ እንደ ምሳሌ አድርጌ እነግራቸው ነበር። ለንስሐ አባቴም ቢሆን «ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ» እያልሁ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሬአለሁ፤ ይህንም ስናገር ራሴን እንደ ደግ ሰው እቈጥር ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር የእናታችንን ዐርባ በወንድሜ ቤት አወጣን። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ታናሹ ልጄ አጎቱን ሰላም ሳይል አለፈው። የአባቴ እኅት ይህን አዩና ልጁን ጠርተው ምን ሆነህ ነው ቢሉት፥ ልጅ ነውና ሳይሸሽግ «ስለ በቅሎዋ ነው» አላቸው።

«የምን በቅሎ ነው፥ ልጄ?» አሉ አክስቴ። «በቅሎዋማ ወንድሜ ሳይሞት በግንቦት፥ ለመታከሚያው ተብላ ተሸጣለች። ‹ማን ወሰዳት? ማን ወሰዳት?› እያለ እህል አልቀምስ ብሎ ሳምንት ሙሉ ያለቀሰውም አባትህ ነው።»

ወንድሜ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። የያዘውን ዳቦ እየቈረሰ ዝም አለ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በግንቦት የተሸጠች በቅሎ በነሐሴ በውርስ ልትፈለግ አትችልም፤ ይህ ግልጥ ነው። የሚያስደንቀው ግን ሥዕሉ ከዐይኔ አለመጥፋቱ ነው፤ ሐሰት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ወንድሜ እንደ ቀድሞው ጋቢውን ለብሶ ቆሞ፥ ያንኑ ቃል ሲናገር እሰማው ነበር። ያላየሁትን እንዴት ላይ ቻልሁ? ብዬ፥ ሊቃውንት ስለ ትዝታ የጻፉትን ፈልጌ ማንበብ የጀመርሁት ከዚህ የተነሣ ነው። (ከዚህ ቀጥሎ በሊቃውንቱ ነገር የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ የተረዳሁት፥ ትዝታ በአንጎል ውስጥ እህል በጎተራ እንደሚከተት ሆኖ የማይቀመጥ መሆኑን ነው። የሰው አንጎል ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ ነገር ግን 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉበት። አንድ ነገር ሲደርስብን መልኩ በአንድ ወገን ያሉትን ሕዋሳት፥ ድምፁ በሌላ ወገን ያሉትን፥ ፍርሃቱና ኀዘኑም ደግሞ ሌሎችን ይቀሰቅሳል። አብረው የተቀሰቀሱት ሕዋሳት የሚገናኙበት መንገድ ይጸናል፤ ትዝታ የምንለውም ይህን የጸና መንገድ ነው። ተበታትነው ያሉትን ክፍሎች በአንድነት የሚያስተሳስራቸው በግራና በቀኝ፥ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ መልኩ ያን የባሕር ፍጥረት ይመስላልና።

የዚህ ክፍል ሥራ በደንብ የታወቀው በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ በሚጥል በሽታ እጅግ ይሠቃይ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ዕድሜው 27 ዓመት ሲሆን፥ ዊልያም ስኮቪል የተባሉ ሐኪም በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሁለቱም ወገን የሂፖካምፐሱን ብዙውን ክፍል አወጡለት። በሽታው ቀለል አለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ትዝታ በልቡ ሊያድር አልቻለም። የልጅነቱን ነገር ይናገራል፤ አሁን ያነጋገረው ሰው ወጥቶ ቢመለስ ግን እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ሊቅ ብዙ ዓመት ሲመረምሩት ኖረው እንኳ፥ በመጡ ቍጥር ለእርሱ አዲስ ሰው ነበሩ። ነገር ግን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲሥል ባስለመዱት ጊዜ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየሠለጠነ ሄደ፤ እርሱ ግን ይህን ሥራ ከዚያ በፊት መሥራቱን አያውቅም። እናታችንም በመጨረሻ ዘመናቸው የልጆቻቸውን ስም ሲረሱ፥ እንዝርቱን በእጃቸው ብንሰጣቸው ፈትሉ አይበጠስባቸውም ነበር። ሞሌይሰን በ2008 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ የማኖሩ ነገር ነው። የእኔ ችግር ግን በማውጣቱ ነበር። ትዝታ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ነገር ይሻል፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ የጌታን ቃል ያስታወሰው ዶሮ በጮኸ ጊዜ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። አንዱ ክር ሲሳብ ሌላው ይከተላል፤ የተበተነውም ይሰበሰባል። ነገር ግን ሁሉም አይሰበሰብም፤ አንጎል የጐደለውን ከሌላ ጊዜ ባገኘው፥ ሊሆን ይችላልም ብሎ በገመተው ይሞላዋል። በ2000 ዓ.ም. ካሪም ናደር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ፈተና ደግሞ ከዚህ ይልቅ አስደነገጠኝ። አይጦችን አንድ ድምፅ እንዲፈሩ አስለመዱአቸው፤ ፍርሃቱ ከጸና በኋላ ድምፁን እንደ ገና አሰምተው ወዲያው በአንጎላቸው ውስጥ ትዝታ እንዳይጸና የሚከለክል መድኃኒት ሰጡአቸው። እነዚያ ፍርሃቱን ረሱት፤ ድምፁን ሳይሰሙ መድኃኒቱን ብቻ የተቀበሉት ግን አልረሱትም። እንግዲህ የተነሣ ትዝታ ከእሳት አጠገብ እንደ ቀረበ ሰም ይለሰልሳል፤ ሲመለስም እንደ አዲስ ሊረጋ ይገባዋል።

«ነገሩ እጅግ ያሳዘነኝ ስለ ሆነ ልሳሳት አልችልም» የሚል ቢኖር፥ እኔም እንደዚያ እል ነበር። በጥር 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር በሰማይ በተበታተነች ማግሥት በአትላንታ ከተማ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወሬውን የትና ከማን እንደ ሰሙ በእጃቸው እንዲጽፉ ተደረገ። ሁለት ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ ከእነርሱ 44ቱ እንደ ገና ሲጠየቁ፥ ሩብ የሚያህሉት በዋና ዋናው ነገር ሁሉ ተሳሳቱ። ብዙዎቹ ግን እርግጠኞች ነበሩ። የገዛ እጃቸውን ጽሕፈት ሲያሳዩአቸውም የቀድሞው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አስቸገረኝ። ትዝታ በተነሣ ቍጥር የሚለዋወጥ ከሆነ፥ በልጅነቴ ያጠናሁት ዳዊት ከየኔታ ጉባኤ ከወጣሁ በኋላ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳይለወጥ ቈየልኝ? ቂሜንም ዳዊቴንም ከዐርባ ዓመት በላይ ደግሜአቸዋለሁ፤ መደጋገምስ ሁለቱንም እኩል ያጸናቸዋል። ነገር ግን ዳዊቱን ስደግም አንዲት ቃል ብስት የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው እንደ ተቀመጡ «ተመለስ!» ይሉኛል። እርሳቸው ባይሰሙ ጓደኛዬ ይሰማል፤ እርሱም ባይኖር መጽሐፉ አለ። ያን የበቅሎ ታሪክ ስደግም ግን ተመለስ የሚለኝ ማንም አልነበረም። ባለቤቴ አላየችም፤ ልጆቼ አልተወለዱም፤ የሚያውቁትን እናቴንና አክስቴን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ያላደረገውን በደል ይቅር ስለው ኖሬአለሁ፤ የንስሐ አባቴም ይህን በነገርኋቸው ጊዜ «ለእኔ ሳይሆን ለእርሱ ንገረው» ብለው አሰናበቱኝ።

በዚያው ዓመት በዳግም ትንሣኤ እሑድ ልጄን ይዤ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። «ጋሼ፥ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅህ ነው» ብዬ ሁሉን ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። የበቅሎዋን ነገር ከቶ አያስታውስም። እርሱ የሚያስታውሰው፥ ከአውቶቡስ ወርዶ ሌሊቱን በዝናብ ሲጓዝ ማደሩን፥ አንድ ጫማውን ጭቃ እንዳስቀረበት፥ ከደጃፉ ሲደርስም እንባ እምቢ ቢለው ሰው ፊቱን እንዳያይበት አፍሮ ወደ ጋጣው ዞሮ መቆሙን ነው። ጋጣው ባዶ ነበረ።

«አንተ መጥተህ እጄን ያዝኸኝ፤ ያን ጊዜ አለቀስሁ» አለኝ።

እኔ ይህን አላስታውስም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ፥ ጋቢው ረጥቦ ከትከሻው ላይ ተጣብቆ፥ አቀበቱን ሲወጣ ይታየኛል። ሥዕሉ እንደ ፊተኛው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ እሑድ በፊት አልነበረኝም። ወደ ቤታችን ስንመለስ ልጄ «አባባ፥ ያን ጊዜ እውነት እጁን ይዘኸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሌላ ቀን ስንሄድ አጎትህን ጠይቀው» አልሁት።