የሰሃኑ ጀርባ

ቅዳሜ ከሰዓት አየር ጤና አካባቢ ለቡና ስቀመጥ ዓይኔ ሳላዘው ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው የእድራችን ዕቃ ቤት ይሄዳል። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ድንኳኑና ካስማው፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ የስንቱን ቤት ለቀስተኛ ያበሉት ሰሃኖች ሁሉ እዚያ ናቸው። ቁልፉ ያለው አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ዕቃ ሲመለስላቸው ሰሃኑን ከፊቱ አያዩትም፤ ይገለብጡትና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ቀይዋን የጥፍር ቀለም ነጥብ ሲያገኟት ብቻ «አንድ» ይላሉ። ነጥቧ ከሌለች ሰሃኑ የሰው ነው፤ ለብቻው ይቀመጣል።

እኚህን አዛውንት ያነሣሁት ስለ ሰርቨር ላወጋችሁ ፈልጌ ነው። በቤቴል በኩል የሚኖር፣ አብሮኝ ቡና የሚጠጣ ወጣት አለ፤ ቀን የቢሮ ሥራውን ይሠራል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ያለ ደመወዝ የአንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ሰርቨሮችን ከሚጠብቁ ፈቃደኞች አንዱ ነው። ሶፍትዌሩን ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ይጠግነዋል፣ ለሌላ ያቀብለዋል። ማሽኖቹ ግን ከሰማይ አልወረዱም። አንዱን አንድ ኩባንያ ሰጥቶታል፤ ሌላው ባሕር ማዶ ባለ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ጥግ ተሰጥቶት፣ መብራቱንም ኬብሉንም ባለቤቱ ችሎለት ተቀምጧል። ወጣቱ አንዳቸውንም በእጁ ነክቶ አያውቅም።

የምወድለት ልማድ አለው። የደህንነት ጥገና ጭኖ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ሲኖርበት ትእዛዙን ይጽፍና ሁለቱንም እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን የማሽኑን ስም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ኢንተርን የሚጫናት ከዚህ በኋላ ነው። ያጠፋው ሌላ ማሽን ከሆነ ወይም የጠፋው በዚያው ከቀረ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ አንድ ደግ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ደብዳቤውን አይቶ፣ ሄዶ ቁልፉን እስኪጫንለት መጠበቅ ነው።

የማሽን ስም ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረውና እስከ ዛሬ በፈቃደኞች የሚሠራው ዴቢያን አብዛኞቹን ማሽኖቹን በክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች ስም ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም የት እንደተቀመጠና ማን እንደለገሰው የሚገልጽ መዝገብ አለው። እኔ ያንን መዝገብ የሰሃን ጀርባ እለዋለሁ። ከመካከላቸው «ክሌከር» የሚባል አለ። ጆኤል ክሌከር የሚባል የፕሮጀክቱ ፈቃደኛ ነበር፤ ጡንቻን በሚያዝል በሽታ ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ ይሠራ ነበር፣ አብረውት ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ግን አላወቁም። በ2000 በ21 ዓመቱ ሲያርፍ በዚያው ዓመት የወጣውን ዴቢያን 2.2 መታሰቢያ አደረጉለት፤ አንዱን ማሽንም በስሙ ጠሩት። ይህን የነገረኝ ወጣቱ ነው። ነግሮኝ ሲጨርስ ሁለታችንም ወደ ዕቃ ቤቷ አየን፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።

በእንዲህ ያለ ቤት የእኛም ፊደል አለበት። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ አቢሲኒካ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ከዴቢያን በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ «ሀ»ን በማያ ገጽዋ ላይ አሳምራ የምታይ የኮልፌ ተማሪ ፋይሉን ያገኘችው ሰው ከለገሰው ማሽን ሊሆን ይችላል። ለከተማችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1993 በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ፓዲስ የሚባለው የመረጃ ክፍል ኢሜይል ያመላልስ የነበረው በፊዶኔት ዘዴ ነው፤ ፊዶኔት ደግሞ በየቤታቸው ኮምፒውተርና የስልክ መስመር ያላቸው ፈቃደኞች ከ1984 ጀምሮ የዘረጉት መረብ ነበር። ደብዳቤው ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ስልኩ ሲደወል በአንድ ላይ ይሄዳል። ኢንተርኔት ራሱ አገራችን የገባው በ1997 ነው።

ላም የሰጠ አንድ ቀን ይመረቃል፤ ሣር የሚያጭደው በየማለዳው ይነሣል። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2003 ጀምሮ ለብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ማደሪያ የሆነ ላብ አለ፤ ተማሪዎችም እየሠሩበት ሙያውን ይማሩበታል። በ2025 ይኸው ላብ 250,000 ዶላር ካልተገኘ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ደግነቱ ደራሾች ተገኙ። በዚያ ሰሞን ወጣቱ ስኒውን ይዞ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ። ማሽን የሚሰጥ አይጠፋም ይላል፤ የሚቸግረው መብራቱን በየወሩ የሚከፍልና ሌሊት የሚነሣ ሰው ማግኘቱ ነው። እኔም ከልቤ እስማማለሁ፤ ለጠባቂው የሚሆን ስጦታ እምብዛም አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ከለቅሶ ወጥቶ ዕቃ የሚመለስበት ቀን ነበር። ወጣቱ አንዱን ማሽን አስነሥቶ መልስ ይጠብቃል፤ በመሀል መብራት ሄደ፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ቀጠለና ማየቱን ቀጠለ። አዛውንቱ በር ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ክምሩ አለቀ።

«አንድ ቀረ» አሉ።

«አባባ፣ የእኔም አንድ ቀርቷል» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ከማያ ገጹ ሳይነቅል።

«ይመጣል ልጄ። የት እንዳለ እስከታወቀ ድረስ ይመጣል።»

ወደ ለቅሶ ቤቱ አንዲት ሕፃን ተላከች። እሷ ገና ሳትመለስ ማያ ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ። ወጣቱ የማሽኑን ስም ሁለት ጊዜ አነበበና የቀዘቀዘ ቡናውን ጠጣ። ሕፃኗ ሰሃኑን በሁለት እጆቿ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። አዛውንቱ ተቀብለው ገለበጡት።