ያልተጨረሰው ምርቃት

ኒኮን ዲ90 በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ካሜራ ነበር። እኛ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ግን ሳቅንበት። “ፎቶ ካሜራ ቪዲዮ ምን ያደርግለታል?” አልን። በጥራት ሲቀርጽ ከ5 ደቂቃ አያልፍ፣ ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ሰው አይከተል! እኔም የገዛሁት ለፎቶው ብዬ ነው፤ በደብዛዛ አዳራሽ እንኳ ጥሩ ያነሳል።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ሕፃኗን ልጄን ስትመርቅ፣ እስቲ ልሞክረው ብዬ ቀረጽኳት። የእማዬ ምርቃት ደግሞ ረጅም ነው። 5 ደቂቃው ሞልቶ ካሜራው ቀጥ ሲል እሷ ገና አልጨረሰችም። ለእሑዱ ሠርግ ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ድጋሚ አልጫንኩትም።

እማዬ ካረፈች ቆየች። ፎቶዋ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ልጄ እየደጋገመች ታየውና “ከዚያስ አያቴ ምን አለች?” ትለኛለች።

አላስታውስም።