«አታስቢ» ለምትሉኝ ሁሉ

ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከደጃፍ ሳይወጣ ጥሎት የሚሄደው አንድ ምክር አለ፤ «አይዞሽ፣ አታስቢ»። እኔ ይህን ምክር 16 ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። በቋንቋችን «ማሰብ» ለጭንቀትም ያገለግላልና፣ መካሪዎቼ «አትጨነቂ» ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋኝም። ችግሩ የእኔ በሽታ ካላሰቡበት የሚገድል መሆኑ ነው።

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የእኔ ቆሽት ግን ምንም ሳልናደድ፣ ገና በ19 ዓመቴ ሥራውን አቆመ። ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ኢንሱሊን ስለማያመነጭልኝ፣ በየቀኑ በመርፌ እተካዋለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሳላስብ እንዴት ልዋል? ስንት እንጀራ ልብላ? ታክሲ ልጠብቅ ወይስ በእግሬ ልሂድ? ተወግቼ ምሳ ከዘገየብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። ስለዚህ ቡና ያለ ስኳር የምጠጣው እኔ ከቦርሳዬ ከረሜላ አይጠፋም። ጎረቤቶቼ በዚህ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አንዲት ዘመዳችን ግን «ለማንም እንዳትናገሪ፤ የሚያገባሽ ታጫለሽ» ብላኛለች። ያን ሌሊት ትራሴ በእንባ ርሶ አደረ። ሲነጋ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ራሴን ከመሳቴ በፊት ከረሜላውን የሚያጎርሰኝ የሚያውቅልኝ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው የስኳር ሕመምተኛ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ልጅ ምግብ እየቀነሱ ጥቂት ጊዜ ያቆዩት እንደሆነ እንጂ ከሞት አያስጥሉትም ነበር። ሊዮናርድ አልተፈወሰም፤ ግን 13 ዓመት ኖረ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ፈውስ ሳይሆን ቀን ነው።

እኔም ቀኔን በጠርሙስ እቆጥራለሁ። አንዱ ጠርሙስ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 40 ለምወስደው ለእኔ የ25 ቀን ስንቅ ነው። መብራት ሲጠፋ እናቴ ውጪውን በውሃ በምታርሰው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ማሰሮው ይቀዘቅዛል።

ሁልጊዜ ደስተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። መርፌውን ሳየው የሚያንገሸግሸኝ ጠዋት አለ። ያን ጠዋትም ቢሆን እወጋለሁ፤ አንዱ ጠርሙስ ሳያልቅም ሌላውን እገዛለሁ። በሚቀጥለው ወር አልኖርም ያለ ሰው ለሚቀጥለው ወር መድኃኒት አይገዛም። የእኔ ተስፋ ይኸው ነው።

እናም ወዳጆቼ፣ ልትጠይቁኝ ስትመጡ «አታስቢ» አትበሉኝ። «ምሳ በልተሻል?» በሉኝ፤ እሱ ይበቃኛል።